የታንኳዋ ልጆች፦ ሃዋይ የጠፋውን የባሕር ጥበቧን እንዴት መልሳ ማስተማር ጀመረች?

እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1976 ነው። ከሃዋይ የተነሳች ባለ ሸራ ታንኳ ታሂቲ ደሴት ላይ ፓፔቴ ወደብ ገባች። ዳርቻው ላይ 17,000 ያህል ሰው ይጠብቃት ነበር።  ታንኳዋ ዳር እንደደረሰች ልጆች ተሯሩጠው ወጡባት። ከብዛታቸው የተነሳ የታንኳዋ ጭራ ውሃ ውስጥ ገባ። ተሳፋሪዎቹ ልጆቹን ሳያስቀይሙ ከገመድና ከሸራው ላይ ለማውረድ ብዙ ለፉ።

የታንኳዋ ስም ሆኩሌአ ይባላል። በሃዋይ ቋንቋ «የደስታ ኮከብ» ማለት ነው። ከሃዋይ የተነሳችው ሜይ 1 ነበር። 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ውቅያኖስ አንድ ወር ያህል ተጓዘች። መንገድ የመራት ሰው ኮምፓስ አልያዘም። ካርታም ሰዓትም አልነበረውም። የተመራው በኮከብ፣ በማዕበልና በወፍ ነው።

ያ ሁሉ ሕዝብ ለምን እንደወጣ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን። ከዚያ በኋላ ዋናውን ነገር እንነጋገራለን። አንድ ሰው ያለ መሣሪያ እንዴት ባሕር ያቋርጣል? ይህስ ለልጅ እንዴት ይሰጣል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዴት ጠፋ?

ፖሊኔዥያ የሚባለው የዓለም ክፍል ካርታ ላይ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ነው። ሰሜን ጫፉ ሃዋይ፣ ደቡብ ምሥራቅ ጫፉ ራፓ ኑይ (የፋሲካ ደሴት)፣ ደቡብ ምዕራብ ጫፉ ኒውዚላንድ ነው። ውስጡ ከሞላ ጎደል ውሃ ብቻ ነው። ደሴቶቹ በዚያ ውሃ ላይ እንደተበተነ ጤፍ ናቸው። ሰዎች ከዛሬ 1,000 ዓመት ገደማ በፊት ሃዋይ ሲደርሱ ጎደሬ፣ አሳማ፣ ዶሮና ውሻ ይዘው ነው የገቡት። ይህን ልብ በሉልኝ። ማዕበል ጠልፎት በድንገት የተወሰደ ዓሣ አጥማጅ የጎደሬ ችግኝና የሚራባ አሳማ ጭኖ አይገኝም። እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ጠቅልለው የተነሱ ናቸው።

ይሁንና ረጃጅሞቹ ጉዞዎች ከጊዜ በኋላ ቆሙ። የእንግሊዙ ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1778 ሃዋይ ሲደርስ በሃዋይና በታሂቲ መካከል መመላለስ ከቀረ ብዙ ዘመን አልፎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የመጣ በሽታ ሕዝቡን ፈጀው። በ1896 የወጣ ሕግ ደግሞ የትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ቋንቋው ከክፍል ሲወጣ የኮከቡ፣ የነፋሱና የማዕበሉ ስም አብሮ ወጣ። የአንድ ሙያ ቃላት ከአፍ ከጠፉ ሙያው ብዙ አይቆይም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል በ1947 ከፔሩ ተነስቶ በእንጨት ርብራብ 101 ቀን ተንሳፍፎ ፖሊኔዥያ ደረሰ። የደሴቶቹ የመጀመሪያ ሰዎች ከደቡብ አሜሪካ በነፋስና በውሃ ተገፍተው የመጡ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። የኒውዚላንዱ አንድሩ ሻርፕ ደግሞ በ1956 እነዚህ ሰዎች ያለ መሣሪያ ያን ያህል ርቀት አስበው ሊጓዙ አይችሉም፤ የተገኙት በአጋጣሚ ነው ሲል ጻፈ። ሃዋይ ውስጥ ያደገ ልጅ እንግዲህ የሚሰማው ይህን ነበር። አያቶችህ ጠፍተው የተገኙ ሰዎች ናቸው ተብሎ ማደግ ምን እንደሚመስል አስቡት።

በ1973 ሦስት ሰዎች ይህን በተግባር እንፈትነው አሉ። አንትሮፖሎጂስቱ ቤን ፊኒ፣ ሠዓሊው ኸርብ ካኔ እና የባሕር ሰው የነበረው ቶሚ ሆልምስ ናቸው። የፖሊኔዥያ የባሕር ጉዞ ማኅበርን መሠረቱ። ሆኩሌአ ማርች 8 ቀን 1975 ውሃ ላይ ወረደች። ርዝመቷ 19 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ታንኳዎች ጎን ለጎን ተደርገው በአግዳሚ እንጨት ተያይዘዋል። መሐላቸው ላይ መቆሚያ መድረክ አለ። መጋጠሚያው በምስማር ሳይሆን በገመድ የታሰረ ነው። ገመድ ይለጠጣል። ማዕበል ሲመታው ይለመጣል እንጂ አይሰበርም። ቁሳቁሷ ሁሉ የጥንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። ኮምፔንሳቶና ፋይበርግላስ አለባት። ሊፈተን የተፈለገው ቅርጿና አካሄዷ ነበር።

ታንኳዋ ተሠራች። የሚመራት ሰው ግን ሃዋይ ውስጥ አልተገኘም። አንድም ሰው!

ማው የሚባል ሰው

የተገኘው ከሃዋይ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ማይክሮኔዥያ ውስጥ ባለች ሳታዋል የምትባል ደሴት ነው። ሳታዋል በእግር ቶሎ የምትዞር፣ ጥቂት መቶ ሰዎች የሚኖሩባት መሬት ናት። ሰውዬው ማው ፒያይሉግ ይባላል። የተወለደው በ1932 ነው። አያቱ መርከብ መሪ ነበሩ። ማው ገና ሕፃን ሳለ አያቱ ዳርቻው ላይ ባሉ የባሕር ውሃ ኩሬዎች ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። ውሃው ሲገፋውና ሲስበው ሰውነቱ እንዲለምደው ነው። ትምህርቱ የተጀመረው አፉን ሳይፈታ ማለት ነው።

ከፍ ሲል የኮከብ ትምህርት መጣ። ድንጋዮች ምንጣፍ ላይ በክብ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ኮከብ የሚወጣበት ወይም የሚገባበት የአድማስ ነጥብ ነው። መሐል ላይ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ትቀመጣለች። ልጁ የድንጋዮቹን ስም፣ ከዚህ ደሴት ወደዚያ ደሴት ለመሄድ የትኛውን ኮከብ እንደሚከተል፣ ሲመለስ የትኛውን ከኋላው እንደሚያደርግ በቃሉ ይይዛል። መጽሐፍ የለም። የቅኔ ወይም የዜማ ጉባኤ ቤት የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይገረምም። ተማሪው መምህሩ ዘንድ ይቀመጣል። በጆሮው ይቀበላል። ደጋግሞ ያስረክባል። የማው የተለየው ፈተናው ባሕር ላይ መሆኑ ነው። ተሳስቶ መመለስ ላይኖር ይችላል።

ማው ዕውቀቱን ለውጭ ሰው መስጠቱ አገሩ ላይ አስወቅሶታል። ይህ ጥበብ ከቤተሰብ የማይወጣ ምሥጢር ነበርና። እሱ ግን አንድ ነገር ገብቶታል። የራሱ ደሴት ወጣቶች ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ባያስተምር ኖሮ ነገሩ ከሱ ጋር ይቀበር ነበር። ለኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። ጉዞው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ያለ መሣሪያ መንገድ ማግኘት እንዴት ይቻላል?

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ። ደረጃ በደረጃ ካየነው ግን ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም።

መጀመሪያ አቅጣጫ። አንድ ኮከብ ዓመቱን ሙሉ የሚወጣው ከአድማስ አንድ ቦታ ነው። የሚወጣበት ሰዓት ይለዋወጣል፤ ቦታው ግን አይለወጥም። የሚገባውም እንዲሁ በአንድ ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ ኮከብ ከአድማስ ብቅ ሲል ካወቅኸው አቅጣጫህን አወቅህ። ችግሩ ኮከቡ ከፍ ሲል ለዚህ አገልግሎት አይሆንም። ያኔ በዚያው ቦታ ተከትሎት የሚወጣውን ኮከብ መያዝ ነው። አንድ ሌሊት ለማለፍ እንዲህ የሚቀባበሉ አሥር ያህል ኮከቦች ያስፈልጋሉ። መሪው የሁሉንም ቅደም ተከተል በቃሉ ያውቃል። ዛሬ ሃዋይ ውስጥ ለልጆች የሚሰጠው የኮከብ ኮምፓስ አድማሱን 32 «ቤት» አድርጎ ይከፍለዋል። ናይኖአ ቶምፕሰን የሚባል ሃዋያዊ መሪ ያደራጀው ነው። የኮከቡ ቤት ማለት የሚወጣበትና የሚገባበት ቦታ ነው። ልጆቹ ይህን መሬት ላይ በድንጋይ ሠርተው መሐሉ ላይ ቆመው ይለማመዱታል።

ቀን ላይ ኮከብ የለም። ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ ትረዳለች። እኩለ ቀን ላይ ግን አናት ላይ ስለምትሆን ምንም አትናገርም። ያኔ የቀረው ማዕበል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። እዚያው ያለ ነፋስ የሚያስነሳው ትንሹ ሞገድ ይለዋወጣል። ከሩቅ አገር ከተነሳ ነፋስ የሚመጣው ረጅሙና ዝግ ያለው ማዕበል ግን ቀናት ሙሉ አቅጣጫውን ሳይለቅ ይጓዛል። መሪው ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ማዕበሉ ታንኳዋን ከየት በኩል እንደሚመታ ይይዛል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያንን ምት ይጠብቃል። ደመናማ ሌሊት ላይም እንዲሁ ነው። ማው ታንኳዋ ውስጥ ተጋድሞ በሰውነቱ ብቻ ማዕበሉን ይለይ ነበር። የሕፃንነቱ ኩሬ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል ተጉዘናል የሚለው ነው። ይህን በእጃችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያለው ከፍታ እናንተ ካላችሁበት ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ካላችሁ ርቀት፣ በዲግሪ) ጋር እኩል ነው። ሃዋይ ላይ 21 ዲግሪ ገደማ ነው። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ ሃዋይ ላይ የሰሜን ኮከብ ሁለት ቡጢ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። አዲስ አበባ ብትሆኑ አንድ ቡጢ እንኳ አትሞላም። ወደ ደቡብ በተጓዝን ቁጥር ዝቅ እያለች የምድር ወገብ ላይ ትጠፋለች።

ከዚያ በኋላ የደቡብ መስቀል የሚባሉት ኮከቦች ይረከባሉ። በሃዋይ ኬክሮስ ላይ መስቀሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም አንድ ደስ የሚል ነገር ይታያል። ከላይኛው ኮከብ እስከ ታችኛው ያለው ርቀት፣ ከታችኛው ኮከብ እስከ አድማስ ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው። ሁለቱም 6 ዲግሪ ገደማ ናቸው። ከደቡብ የሚመለስ መሪ ይህን ሲያይ በቃ፣ የአገሬ መስመር ላይ ነኝ ይላል። አርክቱረስ የሚባለው ደማቅ ኮከብ ደግሞ ሃዋይ ላይ በትክክል አናት ላይ ያልፋል። ሆኩሌአ የዚህ ኮከብ ስም ነው። ታንኳዋ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ኮከብ ስሟ ሆነ።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው የምሥራቅና የምዕራብ ነገር ነው። ይህን ትክክለኛ ሰዓት ሳይኖር ከኮከብ ማንበብ አይቻልም። ታዲያ ምን ይደረጋል? ሁለት ነገር። አንደኛው ሁልጊዜ ማስላት ነው። ታንኳዋ በምን ፍጥነት፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ ስንት ጊዜ ተጓዘች? ፍጥነቱን አረፋ ታንኳዋን ከፊት እስከ ኋላ ለማለፍ ከሚወስድበት ጊዜ ይገምቱታል። ይህ ስሌት ሲቋረጥ መሪው ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ነው መሪ የማይተኛው። በየመሐሉ ለጥቂት ደቂቃ ሸለብ ያደርገዋል እንጂ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው ብልሃት በጣም ደስ ይለኛል። መሪው በቀጥታ ወደ ደሴቲቱ አያነጣጥርም። ሆን ብሎ ነፋስ ከሚመጣበት ጎን፣ ወደ ምሥራቅ አርቆ ይሄዳል። የደሴቲቱ ኬክሮስ ላይ ሲደርስ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። እንዲህ ካደረገ ደሴቲቱ በየትኛው በኩል እንዳለች አይጠራጠርም። በቀጥታ ሄዶ ቢስታት ግን ግራ ትሁን ቀኝ አያውቅም።

በዚያ ላይ ደሴት ዓይን ከሚያየው በላይ ሰፊ ናት። ዓሣ ለማጥመድ ጠዋት ከመሬት ወጥተው ማታ የሚመለሱ ወፎች አሉ። ነጯ የባሕር ወፍ እስከ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመሬት ትርቃለች፤ ጥቁሯ ግን ያን ያህል አትርቅም። ማታ ላይ ወዴት እንደሚበሩ ያየ ሰው መሬቱ የት እንዳለ ያውቃል። ታሂቲ ራሷ ትንሽ ናት። ከሷ በፊት ግን የቱዋሞቱ ደሴቶች እንደ መረብ ተዘርግተዋል። በ1976 ሆኩሌአ መጀመሪያ ያገኘችው ከነሱ አንዷን፣ ማታይቫን ነው።

ማው ያደገበት ወግ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያስብበት የራሱ መንገድ አለው። ታንኳዋ አትንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሱት ደሴቶቹ ናቸው። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሕፃን ዛፎቹ ወደ ኋላ እየሮጡ ነው እንደሚለው ማለት ነው። መሪው በሐሳቡ ከመንገዱ ጎን ያለች አንዲት ደሴት ይመርጣል። ደሴቷን ዓይቷት አያውቅ ይሆናል፤ ከአድማስ በታች ናት። በየትኛው ኮከብ ሥር እንዳለፈች እያሰበ ጉዞውን ይለካል። ካርታ ላይ ለለመደ ሰው ግር ይላል። ታንኳ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ተፈጥሯዊ ነገር የለም።

ዋጋው

ታሪኩ ሁሉ ድል አይደለም። በ1976ቱ ጉዞ ላይ ሠራተኞቹ ተጣሉ። ማው በጠባቸው አዝኖ ታሂቲ ላይ ትቷቸው አገሩ ገባ። እንዳትፈልጉኝ የሚል መልእክት በቴፕ ቀድቶ ነበር የሄደው።

በማርች 1978 ሆኩሌአ ያለ እሱ እንደገና ተነሳች። በከባድ ነፋስ በተነሳችበት ሌሊት ሞሎካይ ደሴት አጠገብ ተገለበጠች። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ኤዲ አይካው ነበር። በዋና ነፍስ አድንነቱና በጣውላ ላይ ቆሞ ማዕበል በመንሸራተቱ (ሰርፊንግ) ሃዋይ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው። እርዳታ ልጥራ ብሎ በሰርፊንግ ጣውላው ወደ ላናይ ደሴት ሄደ። ዳግመኛ አልታየም። የቀሩት በሕይወት ተረፉ።

ማኅበሩ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ነው ናይኖአ ቶምፕሰን ማውን ፍለጋ የሄደው። ወጣቱ ናይኖአ ኮከብን በራሱ ያጠና ነበር። ቢሾፕ ሙዚየም ባለው ፕላኔታርየም ሰው ሠራሽ ሰማይ ሥር ስንት ሌሊት አምሽቷል። አሁን ግን መምህር አስፈለገው። ማው መጣ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተለወጠ። ሆኩሌአ ረጅም ጉዞ ስትወጣ ከኋላ ተከታይ ጀልባ አላት። ማንም ሰው ሳይሠለጥን አይሳፈርም። የወጣቶች የባሕር ትምህርት ላይ ጥንቃቄ ሲበዛ ወላጆች አንዳንዴ ይሰለቻሉ። የኤዲን ታሪክ የሚያውቅ ግን አይሰለችም።

ወፏና ዓሣዋ

ማው ናይኖአን ያስተማረው በብዙ ማብራሪያ አልነበረም። አንድ ቀን ኦአሁ ደሴት ላይ ባሕሩን ቁልቁል የሚያሳይ ገደል ላይ ቆመው ታሂቲ በየት በኩል እንደሆነች አሳየኝ አለው። ናይኖአ ጠቆመ። ደሴቲቱን ታያታለህ ወይ ሲል ጠየቀው። ናይኖአ አሰብ አድርጎ በዓይኔ አላያትም፤ በአእምሮዬ ግን መልኳን አያለሁ አለ። ማው ያን መልክ እንዳትጥለው፣ ከጣልከው ትጠፋለህ ብሎ ትምህርቱን ጨረሰ።

በ1980 ናይኖአ ሆኩሌአን ራሱ መርቶ ታሂቲ ሄደ፤ መርቶም መለሳት። ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲህ ያደረገ ሃዋያዊ አልነበረም። ማው አብሮት ተሳፍሯል፤ ግን ዝም ብሎ ያያል። ወደ መጨረሻው ግድም ጠዋት ላይ አንዲት ወፍ ታየች። ናይኖአ የሚያውቀው ወፍ ጠዋት ከመሬት ርቃ እንደምትበር ነው። እንግዲያው ደሴቲቱን አልፈናታል ብሎ ደነገጠ። ያኔ ማው ተናገረ። ታንኳዋን አዙር፣ ወፏን ተከተል አለ። ምክንያቱን አልነገረውም። አንድ ሰዓት ያህል ሄዱ። ደሴቲቱ ታየች።

ናይኖአ እንዴት አወቅህ ብሎ ጠየቀው። ማው ወፏ አፏ ውስጥ ዓሣ ይዛ ነበር አለ። ጊዜው የመፈልፈያ ጊዜ ነው። ወፏ ዓሣውን ለጫጩቶቿ እየወሰደች ነበር። ስለዚህ ጠዋትም ቢሆን የምትሄደው ወደ ቤቷ ነው።

ይህን ታሪክ የማነሳው በምክንያት ነው። ናይኖአ ሕጉን ያውቅ ነበር። ሕጉም ትክክል ነው። ሕጉ መቼ እንደማይሠራ የሚያውቀው ግን ሕይወቱን ባሕር ላይ ያሳለፈው ሰው ነበር። ይህ ልዩነት በመጽሐፍ አይተላለፍም። ቪዲዮ ብትቀርጹትም አይተላለፍም። አብሮ መቀመጥ ይፈልጋል።

ለልጅ እንዴት ይሰጣል?

የባሕር ቅርስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሙዚየም የገባ ጀልባ ነው። ጀልባ ማቆየት ጥሩ ነው። ሃዋይ ውስጥ ግን የጥንት ታንኳ ሥዕልም ዕቃም ሳይጠፋ ሰው ነበር የጠፋው። ስለዚህ ከ1980 ወዲህ ዋናው ሥራ ሰው ማፍራት ሆነ።

ሆኩሌአ በአንድ ጉዞ የምትይዘው 12 ሰው ገደማ ነው። ልጆች ሁሉ በሷ ሊማሩ አይችሉም። መፍትሔው ታንኳዎችን ማብዛት ነበር። ከሃዋይ ደሴቶች ትልቋ፣ ራሷም ሃዋይ የምትባለው፣ ማካሊኢ የተባለችውን ታንኳ በ1995 አወረደች። ካዋይና ማዊ የየራሳቸውን ሠሩ። ኦአሁ ላይ ካኔሁናሞኩ የምትባል 9 ሜትር ገደማ የሆነች ታንኳ አለች። ትንሽ የሆነችው ለልጆች እንድትመች ነው። በ2012 ደግሞ ሂኪያናሊያ መጣች። ሞተሮቿ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ናቸው፤ የሳይንስ ምርምርም ይሠራባታል። ሂኪያናሊያና ሆኩሌአ የሁለት ኮከቦች ስም ነው። በሃዋይ ኬክሮስ ላይ ሁለቱ ኮከቦች አብረው ይወጣሉ።

ልጁ መጀመሪያ ወደ ታንኳዋ የሚገባው ፈቃድ ጠይቆ ነው። የሚጠይቀው በሃዋይ ቋንቋ፣ በዜማ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ማሳመሪያ ሊመስል ይችላል። ግን ቋንቋውንና ሙያውን አንድ ላይ መልሶ የሚያስገባው ይህ ነው። በ1978 የሃዋይ ሕገ መንግሥት የሃዋይ ቋንቋን ከእንግሊዝኛ ጋር ይፋዊ ቋንቋ አደረገው። በ1984 በሃዋይ ቋንቋ ብቻ የሚያስተምሩ መዋዕለ ሕፃናት ተከፈቱ። የኮከቡ ስም ከቋንቋው ጋር ወደ ክፍል ተመለሰ።

ከዚያ ዋና ይማራል። ቋጠሮ ይማራል። ታንኳዋ ለጥገና ዳር ስትወጣ እንጨት ይልጋል፣ ገመድ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ይህ የሚያስደስት ሥራ አይደለም። እጁ ይላጣል። ግን ማታ ባሕር ላይ ሆኖ እንጨቱ ሲንቋቋ የሚሰማ ልጅ ያችን መጋጠሚያ ያሰርኳት እኔ ነኝ ብሎ ያውቃል። ደግሞም ተረኛ ሆኖ ያድራል። አድማሱን ይጠብቃል። ትልቁን መሪ መቅዘፊያ ሲይዝ የሌሎች እንቅልፍ በእጁ ላይ ነው።

በኔ ግምት ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ልጅን ጀልባ ላይ አውጥቶ ማንሸራሸር አንድ ነገር ነው፤ ጥሩ ቀን ያሳልፋል። እውነተኛ ኃላፊነት መስጠት ግን ሌላ ነው። ከብዶት እንኳ ቢሆን፣ ተሳስቶ የሚታረምበት ቦታ ማግኘት አለበት።

ሃዋዮች አንድ አባባል አላቸው። ታንኳ ደሴት ናት፣ ደሴትም ታንኳ ናት ይላሉ። ታንኳ ላይ ውሃ ውስን ነው። ምግብ ውስን ነው። የተጣላኸውን ሰው ትተህ የምትሄድበት ቦታ የለም። ደሴትም እንዲሁ ነው። የ1976ቱ ጠብ ስለዚህ ዛሬም ለተማሪዎች ይነገራል። አይደበቅም።

በማርች 2007 ማው ሳታዋል ላይ የመሪነት ማዕረግ የሚሰጥበትን ሥርዓት አካሄደ። ይህ ሥርዓት በደሴቲቱ ለ50 ዓመት ገደማ አልተደረገም ነበር። ማዕረጉን ከተቀበሉት መካከል ናይኖአን ጨምሮ አምስት ሃዋያውያን ነበሩ። ሃዋዮቹ ለማው አዲስ ታንኳ ሠርተው ይዘውለት ሄደው ነበር። ወጣቶቹ ልባቸው ሌላ ቦታ የነበረችው ሳታዋል በማው ተማሪዎች ታንኳ ተጎበኘች። ማው በ2010 አረፈ።

ከ2014 እስከ 2017 ሆኩሌአ ዓለምን ዞረች። በመጨረሻው ጉዞ ላይ ከታሂቲ ወደ ሃዋይ መንገዱን የመሩት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፤ ሴቶችም አሉባቸው። ናይኖአ አብሯቸው ነበር። ጁን 17 ቀን 2017 ሃዋይ ገቡ።

ስለ እንጨቱ

አንድ ነገር ልጨምር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ማኅበሩ ሃዋይሎአ የምትባል ታንኳ በጥንቱ ዓይነት እንጨት ልሥራ ብሎ ተነሳ። የሚፈለገው ኮአ የሚባለው የሃዋይ ዛፍ ነበር። ጫካ ለጫካ ወራት ፈለጉ። ለታንኳ የሚበቃ ጤነኛ ትልቅ ግንድ አንድም አላገኙም። ጫካው በከብትና በእርሻ አልቆ ነበር።

የአላስካ ተወላጆች ድርጅት የሆነው ሲአላስካ ግንድ እንስጣችሁ አለ። 400 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሁለት ግዙፍ የስፕሩስ ዛፎች ነበሩ። ናይኖአ ሄዶ አያቸው። ከዚያ ቁረጡ ማለት አቃተው። የገዛ ጫካችንን አጥፍተን የሰው ዛፍ እንዴት እንቆርጣለን ብሎ ተመለሰ። መጀመሪያ አገራቸው ላይ ኮአ መትከል ጀመሩ። ዛፎቹ የተቆረጡት ከዚያ በኋላ ነው። ታንኳዋ በ1993 ውሃ ላይ ወረደች።

በሺዎች የሚቆጠሩ ችግኞች ተተክለዋል። ከተከሉት ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የታሰበው ከ100 ዓመት በኋላ ለታንኳ የሚሆን ግንድ እንዲገኝ ነው። ልጆቹ ዛሬ ልጆች ወልደዋል። ዛፎቹ ገና ቀጫጭን ናቸው።